የዋጉ ልጅና የሰላዮቹ መጻሕፍት

ዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እያነባበሩ ከሠሩት ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሰሜን ሲዘለቅ የዋግ አገር ይመጣል። ደራሲ ማሞ ውድነህ በ1923 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው አጡ፤ አድገው ጋዜጠኛ ሆኑ።

በሌላው ዓለም የወንጀል ልብ ወለድ ከፖሊስ ቤት ብዙ ብዕረኛ አግኝቷል። አሜሪካዊው ጆሴፍ ዋምባው በሎስ አንጀለስ ፖሊስ 14 ዓመት አገልግሏል፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ገና ሥራ ላይ ሳለ ነበር። የእኛን አንባቢ ከስለላው ዓለም ጋር ካስተዋወቁት መካከል ግን ጋዜጠኛው ማሞ ከፊት ይሰለፋሉ።

ማሞ ወደ አማርኛ የመለሱትን “90 ደቂቃ በኢንቴቤ”ን እንውሰድ። ሰኔ 27 ቀን 1968 ዓ.ም. ሌሊት ታጋቾችን ለማስለቀቅ የተላከ የእስራኤል አውሮፕላን ኡጋንዳ ያርፋል፤ ከሆዱም የአገሪቱን መሪ የኢዲ አሚንን መኪና የምትመስል ጥቁር መርሰዲስ ትወጣለች። ያን ሁሉ ውጥረት አማርኛው ሳይንገዳገድ ተሸከመው። ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው፦ ሰላይ፣ ሤራና ምስጢር በአማርኛ ሲነገሩ ባዕድ አልመሰሉም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ባይኖሩ ኖሮ፣ የውጭ ቋንቋ የማያነብ ስንት ወጣት ከዚህ ዓለም ደጅ በቀረ ነበር!

“የገባር ልጅ” እና “አሉላ አባ ነጋ”ም የእሳቸው ናቸው። ማሞ በ2004 ዓ.ም. አረፉ። ከመጻሕፍታቸው አንዱ መደርደሪያዎ ላይ ካለ፣ እባክዎ አቧራውን አራግፈው ለአንድ ወጣት ያውሱት።