ማስታወስና መወሰን፤ ስለ ሲሜክ የፎልደሮች ዝርዝር የቀረበ ሒስ

አንድ የፕሮግራም ጽሑፍ ወደሚሠራ ፕሮግራም ከመለወጡ በፊት፣ የትኛው ኮምፓይለር እንደሚያገለግልና ላይብረሪ የሚባሉት የተዘጋጁ የፕሮግራም ክፍሎች የት እንደሚገኙ መወሰን አለበት። ይህን ከሚያሰናዱት መሣሪያዎች አንዱ፣ ኪትዌር የተባለው ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሜክ ነው። እዚህ የምንመረምረው መላውን መሣሪያ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ክፍሉን ነው፤ ይኸውም በመስኮት የሚሠራው ሲሜክ በቅርቡ የተሠራባቸውን ፎልደሮች የሚያስታውስበት መንገድ ነው።

መሣሪያው ፕሮግራሙ የሚገነባባቸውን እስከ 10 የሚደርሱ ፎልደሮች አድራሻ በተጠቃሚው የግል መዝገብ ያኖራል። መዝገቡም በዊንዶውስ ሬጅስትሪ፣ በሊኑክስ ደግሞ በተጠቃሚው የቅንብር ፋይል ውስጥ ይገኛል። ከዝርዝሩ አንዱ ሲመረጥ፣ ሲሜክ በዚያው ፎልደር ያለውን ካሽ የተባለ ፋይል ከፍቶ የፕሮግራሙ ጽሑፍ የት እንደሆነና ምን ምን እንደተመረጠ ያነባል። ፎልደሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ እንደ ሆነም፣ የዱሮውና የአሁኑ አድራሻ አለመስማማታቸውን ያስታውቃል። ይህን አከፋፈል እናመሰግናለን፤ አድራሻው ከሰውየው፣ ዕውቀቱ ከሥራው ዘንድ ተቀምጧልና።

ነቀፌታችን በቀድሞዎቹ እትሞች ላይ ነው። በእነዚያ፣ ፋይንድ ፓኬጅ የተባለው ትእዛዝ ላይብረሪ ሲፈልግ ይህንኑ ዝርዝር ጭምር ይመለከት ነበር። አሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ የተያያዙ ፕሮጀክቶችን በተራ የሚገነባ ሰው አድራሻ ደጋግሞ እንዳይጽፍ ለማገዝ ነው። ዳሩ ግን ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ይገነባሉ እንበል። አንደኛው ባለፈው ሳምንት የላይብረሪውን አሮጌ እትም ገንብቶ ነበር፤ ሁለተኛው አልገነባም። እንግዲህ የመጀመሪያው ሳያውቀው ከአሮጌው ጋር ሊያያዝ ይችላል። ልዩነቱን በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም። የተገኘው አድራሻ በካሹ ቢመዘገብም እንኳ፣ ስለ ምን እንደተመረጠ ካሹ አይናገርም። የምርምር ውጤት በሌላ ሰው እጅ ተደግሞ መታየት አለበት ለምንል ለእኛ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ይህ ፍለጋ ከጊዜ በኋላ ከሲሜክ መወገዱ ተገቢ ነው እንላለን። አድራሻን ጽፎ መስጠት ጥቂት ድካም ቢኖረውም፣ የተጻፈው ለሌላው ይታያል። ዝርዝሩ ራሱ ግን ቢኖር ይጠቅማል፤ የሚመርጠው ሰው ነውና። የቀረው ጉድለት፣ አድራሻን እንጂ የተሠራበትን ቀን አለማሳየቱ ነው፤ ፎልደሮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ለሚሰይም ተማሪ አድራሻ ብቻውን ብዙ አይነግረውም።

እንደ እኛ አስተያየት መመዘኛው ይህ ነው፤ መሣሪያ ያስታወሰውን ለተጠቃሚው ያቅርብ፤ በትዝታው ተመርቶ የሚወስን ከሆነ ግን፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን ሌላው ሰው ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ ይጻፍ።