ድርሰትና አድማጩ

ከጌጃ ሰፈር ብዙም በማይርቀው፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቆመበት፣ በቀድሞው «ዓለም በቃኝ» ወህኒ ቤት በደርግ ዘመን እስረኞች እርስ በርስ ይማማሩ ነበር። በዚያው ዘመን ገጣሚው ነቢይ መኰንን በማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በ3,000 ያህል የሲጋራ ወረቀቶች ላይ ተርጕሟል፤ ቀጣዩን ምዕራፍ የሚጠባበቁ የእስር ጓደኞችም ነበሩት። «ስውር ስፌት» የተሰኘው የግጥም መድበሉም፣ በእኛ አስተያየት፣ አድማጭ ፊት ለፊቱ እንደ ተቀመጠ ሆኖ የሚናገር ድምፅ አለው።

ይህ ማለት እስር ገጣሚን ይፈጥራል ማለት አይደለም፤ እስር የነጠቀው ከሰጠው ይበልጣል። የጽሑፍ መምህሩ ግን የሚጠባበቅ አድማጭ ነበር። የተማሪዎቻችን ድርሰት ብዙ ጊዜ ለእርማት ብቻ ይጻፋል። መምህራንና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ድርሰቱ ለክፍል ጓደኞች የሚነበብበትን ጊዜ ቢመድቡ፣ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ፍሬ በተገኘ ነበር።