ለስላሳ ጠጅ ለጀማሪ

ጣፋጭ መጠጥ መልመድ የሚሻ ሰው ነገሌ ቦረና ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ወይን መፈለግ የለበትም፤ ለስላሳ ጠጅ አለለት። ጠጅ ሲጣል ከጉጂ ደኖች የተቆረጠ ማር በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጌሾም ይገባበታል። እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ሲለውጥ ለስላሳው መካከለኛ፣ ቆይቶም ደረቅ ይሆናል። በቆላው ሙቀት ይህ ለውጥ ይፈጥናልና ጀማሪ ቶሎ የተቀዳውን ይምረጥ።

ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ደመቅ ያለ ቢጫ፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ ነው። ሲቀምሱት ማሩ ይቀድማል፤ የጌሾው ምሬት ተከትሎ ጣፋጩ እንዳይሰለች ያደርገዋል። እኔን የሚማርከኝ ይህ ሚዛን ነው። ሚጥሚጣ ከተነሰነሰበት የፍየል ጥብስ ጋር ደግሞ ወደር የለውም። ጣፋጭነቱ ግን አያታልል፤ በዝግታ ይጠጣ።