ስለ በላዔ ሰብእ ታሪክና ስለ እግዚአብሔር ሞገስ

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር የበላዔ ሰብእ ተኣምር በብዙ አድባራት ይነገራል። ሕዝቡም ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከታሪኩ ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ይኸውም 78 ነፍስና ጥርኝ ውኃ ነው። ታሪኩን ያልሰማ የአገራችን ክርስቲያን ጥቂት ነው፤ አንብቦ የመረመረው ግን እንደ ሰሚው ብዙ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህን አንዱን የተኣምረ ማርያም ክፍል እንደ ድርሰት አይቼ፥ ስለ እግዚአብሔር ሞገስ የሚያስተምረንንና የጐደለውንም ለመናገር አስቤአለሁ።

መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን (በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1382 እስከ 1413) ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። ልጃቸው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብም (ከ1434 እስከ 1468) በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ፤ ከዚያም ወዲህ ተኣምራቱ በአገራችን ጸሐፊዎች እጅ እየበዙ ሄዱ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን አስቀድሞ ሞገስ ስለሚባለው ቃል ጥቂት እንበል። ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስ እንዳገኘ በኦሪት ተጽፏል፤ መልአኩም ለእመቤታችን ያበሠራት ይህንኑ ማግኘቷን ነው። በሁለቱም ስፍራ ቃሉ የሰጪውን ፈቃድ እንጂ የተቀባዩን ስጦታ አያመለክትም። በእኛ አገር ኑሮ ግን ሞገስ የሚፈለገው በሌላ መንገድ ነበር። ሹመት ወይም ርስት የሚሻ ሰው ከጌታ ደጅ ወራትም ዓመታትም ይጠናል፤ እጅ መንሻ ያቀርባል፤ አማላጅ ይልካል፤ ጌታውም ፊቱን የመለሰለት እንደ ሆነ ባለሟል ሆነ ይባላል። ይህ ልማድ ሳናውቀው ወደ ጸሎታችን ገብቷል። ደጅ መጥናቱስ ትዕግሥትን ያስተምራልና አይነቀፍም፤ የሚያስፈራው እጅ መንሻው ነው። ስእለታችን ዋጋ፥ ምጽዋታችንም ጉቦ የሆነ እንደ ሆነ እግዚአብሔርን እንደ አንድ ሹም ቈጥረነዋል ማለት ነው።

የበላዔ ሰብእም ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በዚሁ በእጅ መንሻ ዓይን ነው። የቅምር ሰው የሆነው ይህ ነፍሰ ገዳይ ቤተ ሰቡን ሳይቀር 78 ሰው በላ። ከዕለታት አንድ ቀን ውኃውን ይዞ ሲሄድ በደዌ የቈሰለ፥ ጥምም የጸናበት ድኃ አገኘ። ድኃው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም በለመነው ጊዜ ግን ልቡ ደነገጠ፥ ጥቂት ውኃም ሰጠው። ከሞተም በኋላ ነፍሱ በቀረበች ጊዜ ውኃው ከ78ቱ ነፍሳት ጋራ ተመዘነና እርሷ ዳነች።

እንግዲህ አንዱ አንባቢ ይህን ሰምቶ፥ 78 ነፍስ በጥርኝ ውኃ ከተከፈለ የእኔ ኃጢአትማ በግማሽ ጥርኝ ያልቃል ብሎ ይጽናናል። ሁለተኛው ደግሞ በትምህርቱ የሚመካው፥ ይህ ፍርድን ያቃለለ ተረት ነው ብሎ ይስቃል። የሚገርመው ሁለቱም ታሪኩን ያዩት እንደ ነጋዴ ሚዛን መሆኑ ነው፤ አንዱ ገበያው ቀናው፥ ሌላው ተታለልሁ አለ። ተራኪው ግን የነገረን ሌላ ነው። ውኃው በራሱ አልመዘነም፤ የነፍሳቱ ወገን ደፍቶ ነበር። ያነሣው እመቤታችን የጣለችበት ጥላዋ ነው፤ ጥላም ክብደት የለውም። ተራኪው ክብደት የሌለውን ነገር ከሚዛን ላይ ያዋለ፥ ይህ ሂሳብ እንዳይደለ ሊያስታውቀን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ይልቅ ግን እኔን የሚያስቆመኝ የድኃው ልመና ነው። በእግዚአብሔር ስም ሲለመን ዝም ያለ ሰው በእናቱ ስም መደንገጡ አንዳንዱን አንባቢ ያሰናክለዋል፤ ፈጣሪን ያሳነሰ ይመስለዋልና። ነገር ግን ሰውዬው ስሟን በሰማ ጊዜ ያሰበው ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ምልጃዋ የሰማውን ነው። በልቡ ውስጥ ሁሉ ነገር ሞቶ ይህ አንድ ወሬ ብቻ ሳይሞት ቀርቶ ነበር። ማን እንደ ነገረው ተራኪው አይናገርም፤ ከበላቸው ከቤተ ሰቡ አንዱ ይሆን? ሞገስ ሰውዬውን ያገኘችው ሰውዬው ሳይፈልጋት፥ በቀረችለት በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ገብታ ነው። ውኃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ውኃው የሞገስ ፍሬ እንጂ ዋጋዋ አይደለም።

ከውኃውም በኋላ አንድ ነገር አለ፤ ሰባኪዎች ቸኵለው ያልፉታል። በላዔ ሰብእ ውኃውን ሰጥቶ ወደ ቀድሞ ሥራው አልተመለሰም፤ ወደ ዋሻ ገብቶ ስለ ኃጢአቱ እያለቀሰ፥ እህል ሳይቀምስ ሞተ። የሰው ሥጋ ሲበላ የኖረው ሰው የሞተው በጾም ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሠርቶ ሳያስረዝም በጥቂት ቃል ያለፈ ደራሲ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባለጠጋ ለደብሩ ምንጣፍ ባገባበት ቀን ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። ከበሩ ውጭ ደመወዛቸውን የከለከላቸው ሠራተኞች ነበሩ። ስብከቱም እንዳጋጣሚ የበላዔ ሰብእ ነበር፤ ባለጠጋውም ራሱን እየነቀነቀ በደስታ ይሰማ ነበር። እኔም በዚያ ሰዓት ያሰብሁት ዘኬዎስን ነው። ዘኬዎስ የቀማቸው ሰዎች በሕይወት ነበሩና ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በላዔ ሰብእ ግን ለማን ይመልስ? የበላቸው ሞተዋል። ታሪኩ የተነገረው ከቶ ሊከፈል ስለማይችል ዕዳ ነው፤ መክፈል እየቻለ የማይከፍል ሰው ከዚህ ጥላ በታች የሚቆምበት ስፍራ አላየሁም። ያ ሰባኪ ሁለቱን ታሪኮች አጋጥሞ ቢሰብክ ኖሮ ምንጣፉ ሳይነጠፍ ይውል ነበር።

የታሪኩንም ጉድለት መደበቅ አይገባም። 78ቱ ነፍሳት ወደ ሚዛን የገቡት እንደ ድንጋይ ነው፤ ስም የላቸውም፥ ቃልም አልተሰጣቸውም። ነፍሰ ገዳዩ ሲማር እነርሱ ምን እንዳሉ፥ ለእነርሱስ ምን እንደ ተደረገላቸው አንሰማም። ልጁ የተገደለበት ሰው በዓሉን ሊያከብር መጥቶ ይህን ቢሰማ ምን ይላል? አማላጂቱ የእነርሱም እናት ናትና፥ አንድ ቃል ስለ እነርሱ ቢጨመር ምሕረቱ ይደምቅ ነበር እንጂ አይደበዝዝም ነበር። ሊቃውንቱ በትርጓሜያቸው ይህን ቢሞሉልን እንወድ ነበር።

ሠዓሊዎችም በዚህ ነገር ከተራኪው አልተሻሉም። እኔ በየአድባራቱ ግድግዳ ካየኋቸው የበላዔ ሰብእ ሥዕሎች በሁሉም ሚዛኑ ከመካከል ተሥሏል፤ ዋሻው ግን በአንዱም የለም።