ቀኑ ባለበት፣ ካርዱ ይነሳል

የኩባንያ ቡድንና የኦፕን ሶርስ በጎ ፈቃደኞች የሥራ ቦርድ ሲያዩት ያው ነው፤ «የሚሠራ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «በግምገማ ላይ»፣ «ያለቀ»። ልዩነቱ የሚታየው ካርዱ ላይ ስም ሲሰፍር ነው። ደመወዝተኛው ይጠየቅበታል። በጎ ፈቃደኛው ግን ፈተና ይደርስበታል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ካርዱም «በሥራ ላይ» እንደተባለ ይከርማል። ማን ሊቆጣው ይችላል?

ስለዚህ ሪሊዝ (የአዲስ እትም መለቀቅ) ሳቅድ የሰው ሰዓት አልደምርም። ቅዳሜ ማታ ብቻ ኮድ ለሚጽፍ ሰው የስፕሪንት ነጥብ ምን ይረባዋል? የምቆርጠው ቀኑን ነው። ለምሳሌ በሊኑክስ ከርነል አዲስ ነገር የሚገባው ለሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ የሙከራ እትም እየወጣ ስህተት ብቻ ይታረማል፤ በ9 ወይም በ10 ሳምንት ገደማ አዲሱ እትም ይለቀቃል። ያልደረሰው ለቀጣዩ ይቆያል። ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ካልታወቀ ግን እንደ ማታ ታክሲ ግፊያ ይሆናል፤ ያልበሰለ ኮድም በግፊያው ይገባል።

ቦርዱን የማነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ካርድ የሚከማቸው «በግምገማ ላይ» ነው፤ ጸሐፊው ብዙ፣ ገምጋሚው ጥቂት ነውና። ለዚያ ዓምድ ጣሪያ አበጅቼለታለሁ። ከሞላ ነባሮቹ የራሳቸውን ኮድ አቁመው የሌላውን ያያሉ። አይወዱትም። ሆኖም የመጀመሪያ ሥራውን ልኮ መልስ ያጣ አዲስ ሰው ሁለተኛ አይልክም።

ቀኑ ጨርሶ አይነካም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2006 ይወጣል የተባለው የኡቡንቱ እትም ለጁን ተላልፎ ነው 6.06 የተባለው። ዴቢያን ደግሞ ከባዶቹ ስህተቶች ካልተቃለሉ አይለቅም። ችግሩ ሁሉም የራሱን ስህተት ከባድ ማለቱ ነው። እኔ «ባለፈው እትም ላይ ነበረ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከነበረ፣ የደኅንነት ቀዳዳ ካልሆነ በቀር፣ ቀን አያስለውጥም።

አንድ ካርድ ግን ሁሌ ይረሳል፤ በስክሪን ላይ የሚታዩ ጽሑፎች የማይነኩበት ቀን። እንደ ግኖም ያሉ ፕሮጀክቶች ከሪሊዙ አስቀድመው ይቆርጡታል። «አንዲት ቃል እኮ ናት» እያለ በመጨረሻው ሰዓት የሚያስተካክል ፕሮግራመር አይጠፋም። ያቺ ቃል ተርጓሚው ሳይደርስባት ትወጣለች፤ በአማርኛ የሚጠቀመው ሰው ቅንብሩን ሲከፍት መሃል ላይ እንግሊዝኛ ይገጥመዋል። ይህን ካርድ ቦርዱ ላይ የምለጥፈው ከሁሉም በፊት ነው።