ከመርዶ መሸሽ፦ የወላጅ ሥጋትና የትረካ ቅርጽ በአንድ የዕብራይስጥ ልቦለድ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እስራኤላዊው ደራሲ ዴቪድ ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመውን ረጅም ልቦለድ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ መመርመር ነው። ይኸውም ልጁ ጦር ሜዳ ያለ ወላጅ የሚያድርበት ሥጋት የልቦለዱ ጭብጥ ብቻ ሳይሆን የትረካው ቅርጽም ጭምር እንዴት ሊሆን እንደቻለ ማሳየት ነው። ያነበብሁት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ስለሆነ፣ ስለ ደራሲው ቋንቋ የምሰጠው አስተያየት በርእሱ ላይ የተወሰነ ይሆናል።

የእንግሊዝኛው ርእስ «እስከ ምድሪቱ ዳርቻ» እንደማለት ነው። የዕብራይስጡ ግን «ኢሻ ቦራኻት ሚብሶራ» ይላል። «ብሶራ» ከግእዙ «ብሥራት» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው። ሆኖም አማርኛ ብሥራትን ለደስታ ብቻ ሲመድበው ዕብራይስጥ ለክፉም ለደጉም ወሬ ያውለዋል። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 የልጆቹን ሞት ለሽማግሌው ለዔሊ የሚያረዳው መልእክተኛ የተጠራው ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ነው። ስለዚህ ርእሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ «ከመርዶ የምትሸሽ ሴት» ከማለት በቀር ምርጫ ያለን አይመስለኝም።

ይህ አተረጓጎም የሚያጎድለውም የሚያተርፈውም አለ። በዕብራይስጡ ወሬው ክፉ ይሁን ደግ ገና አልተለየም፤ እኛ «መርዶ» ስንል ግን ልጁን አስቀድመን ገድለነዋል። በአንጻሩ መርዶ በባህላችን ወሬ ብቻ ሳይሆን ሥርዓት ነው። ነጋሪ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ተቀባይም አለው። ተቀባዩ ካልተገኘ መርዶው ተነገረ አይባልም።

የልቦለዱ ሴራ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ኦራ የተባለችው እናት ልጇ ኦፌር የውትድርና አገልግሎቱን ሲጨርስ አብራው በገሊላ በእግር ለመጓዝ አቅዳ ነበር። እሱ ግን በፈቃዱ ወደ አዲስ ዘመቻ ይመለሳል። እሷም ቤቷ ተቀምጣ መርዶ ነጋሪዎችን መጠበቅ ስላልሆነላት ጥላ ትወጣለች። ሰሚ ካልተገኘ መርዶው ሊፈጸም አይችልም፤ መርዶው ካልተፈጸመም ልጁ ይኖራል ብላ ታስባለች። አብሯት የሚጓዘው አቭራም የኦፌር ወላጅ አባት ቢሆንም ልጁን አይቶት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1973ቱ ጦርነት በግብፅ ተማርኮ ከደረሰበት ስቃይም አላገገመም።

ኦራ በመንገዱ ላይ ለአቭራም የምትተርክለት የጀግንነት ታሪክ አይደለም። ልጁ መራመድ እንዴት እንደጀመረ፣ ሥጋ ከእንስሳ እንደሚገኝ ባወቀ ጊዜ አልበላም ማለቱን፣ ይህንና ይህን የመሰለውን ነው። አልቃሽ በሙሾዋ የሟቹን ሥራ እየዘረዘረች ታስለቅሳለች። ኦራም የልጇን ሕይወት ትዘረዝራለች፤ የምትዘረዝረው ግን እንዳይለቀስለት ነው። በእኔ እምነት የልቦለዱ ዋና ውጥረት ያለው እዚህ ላይ ነው። ትረካው ከለላ እንዲሆን የታሰበ ቢሆንም በሞላ ቁጥር ሙሾን እየመሰለ ይሄዳል። አንባቢው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰማ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ይህን የምለው ከመጽሐፉ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ግንባር በነበረበት ጊዜ እናታችን ማለዳ በር ሲንኳኳ እንድንከፍት አትፈቅድልንም ነበር። «ቆዩ፣ ፀሐይ ትውጣ» ትለን ነበር። እኔ ሌባ የፈራች ይመስለኝ ነበር። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። ወንድሜ በደኅና ተመለሰ፤ እሷ ግን ማለዳ በር መክፈት ሳትወድ ኖረች። ስለዚህ የኦራ ሽሽት ለአንዳንድ አንባቢ እብደት ቢመስልም ለእኔ አመክንዮ ያለው ድርጊት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የደራሲው የሕይወት ታሪክ ጥያቄ ይነሣል። ግሮስማን ይህን ልቦለድ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ታላቅ ልጁ የውትድርና አገልግሎቱን ሊጨርስ፣ ታናሹ ኡሪ ደግሞ ሊጀምር በተቃረቡበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2006 ኡሪ በደቡብ ሊባኖስ ታንኩ ተመትቶ በ20 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ከሁለት ቀን በፊት ከአሞስ ኦዝና ከአ. ቢ. ይሆሹዋ ጋር ሆኖ ጦርነቱ እንዲቆም በይፋ ጠይቆ ነበር። የልቦለዱ አብዛኛው ክፍል በዚያን ጊዜ ተጽፎ አልቋል። በዚህም ምክንያት መጽሐፉን እንደ ትንቢት የሚያነቡት አሉ።

እኔ በዚህ አልስማማም። የኦፌርን ዕጣ ከኡሪ ዕጣ ተነሥተን ከወሰንን ኦራ የምትሸሻቸው መርዶ ነጋሪዎች እኛው ሆንን ማለት ነው። ደራሲው ራሱ ሐዘን ከደረሰበት በኋላም የኦፌርን መጨረሻ ሳይነግረን ትቶታል። የራሱን ሐዘን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሌላ ሥራ ለብቻው መጣበት። ይህ የጥበብ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ውሳኔ ይመስለኛል።

ልቦለዱ ጉድለት የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ኦራ ልጇን ወደ ጦሩ መሰብሰቢያ እንዲያደርስላት የምትጠራው ዐረብ የሆነውን ሾፌሯን ሳሚን ነው። የጠየቀችው ነገር ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ልብ አላለችም። የራስ ሥጋት የሌላውን ሥጋት ከማየት እንዴት እንደሚጋርድ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ዳሩ ግን ጉዞው ከተጀመረ በኋላ የሳሚ ዱካ ይሳሳል። ኦራን የጋረዳት መጋረጃ ትረካውንም በከፊል ጋርዶታል ለማለት እደፍራለሁ።

ለእኛ ከዚህ የሚተርፈን አንድ የምርምር ጥያቄ ነው። በቃል ግጥሞቻችን ፉከራና ቀረርቶ የዘማቹ፣ ሙሾ የሟቹ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የመጠበቂያ ጊዜ የማን ነው? ምናልባት የስለት ይሆናል። እናት ልጄን ካመጣህልኝ ብላ ለታቦት የምትሳለው ቃል እንደ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ ተሰብስቦ ቢጠና፣ የኦራ ጉዞ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ የሚያሳየን ይመስለኛል። ስለቱን የተሳሉት እናቶች እያለፉ ስለሆነ ጥናቱ ባይዘገይ መልካም ነው።