የግድግዳው የመጨረሻ እጅ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ከቦሌ አየር ማረፊያ በኢምፔሪያል አድርጎ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ዳር የቆሙት ሕንፃዎች ፊታቸው ወደ ግራጫ እየተቃረበ መምጣቱን ያስተውላል። የውጭው ቀለም የከተማው ጉዳይ ሆኗል፤ ለባለቤቱ የቀረለት ከበሩ ወዲያ ያለው ነው። ሳሎኑ ምን ይሁን? የልጆቹ ክፍልስ? ብዙ ሰው ይህን ምርጫ የሚጀምረው ቀለም መደብር ገብቶ ካታሎግ በመግለጥ ነው። ሰማያዊ ያረጋጋል፣ ቢጫ ያነቃቃል፣ አረንጓዴ ዐይን ያሳርፋል የሚለው ምክርም ከጋሎኑ ጋር አብሮ ይሸጣል። ሥራውን የሚያውቅ ቀለም ቀቢ ግን ካታሎጉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። መጀመሪያ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ከጥግ እስከ ጥግ ይዳብሳል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ ይህ መዳፍ ብዙ ሥራ አለበት። የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ሲሰፋ፣ ብዙዎቹ ቤቶች ለዕድለኞች የተላለፉት የውስጥ ሥራቸው ሳያልቅ ነበር። የወለሉን ንጣፍና የግድግዳውን ቀለም ባለቤቱ እንደ አቅሙ ይጨርሳል። ስለዚህ በፕላን አንድ የሆኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ቤቶች በራቸው ሲከፈት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ልዩነቱን ያመጣው ቀለሙ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየ ግን አብዛኛው ልዩነት ከቀለሙ ሥር ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። የውጭው ብሎኬት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው፤ ክፍል ከክፍል የሚለየው ደግሞ በብዙ ቤቶች አግሮስቶን፣ ማለትም የሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት ተደባልቆበት የተሠራ ሰሌዳ ነው። ሁለቱ ውሃ የሚጠጡበት ልክ ይለያያል፤ በሙቀትና በእርጥበት የሚንቀሳቀሱበትም እንዲሁ። ቀለም በቀጥታ ከተቀባባቸው አንዱ ጠጥቶ ይደበዝዛል፣ ሌላው ያብለጨልጫል። ሰሌዳ ከሰሌዳ በተጋጠመበት ቦታም ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከላይ እስከ ታች ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ጎበዙ ባለሙያ መጋጠሚያውን እንደገና ያሰፋዋል፣ ይሞላዋል፣ መረብ ያለው ቴፕ ያለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስቱኮ የሚያነሳው። እዚህ ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ቤቱን የሚያይ እንግዳ በጭራሽ አያውቅለትም።

ስቱኮው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ስፓቱላው ትንሽ ጋደል ብሎ ይያዛል፤ በጣም ከቆመ ይቧጭራል፣ በጣም ከተኛ ደግሞ ወፍራም ሽፋን ትቶ ያልፋል። አንዱ እጅ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ቀጣዩ በአግድም ይሳባል፤ ያኔ የፊተኛው ያለፈውን ጎድጓዳ የኋለኛው ያገኘዋል። ሽፋኑ ስስ መሆን አለበት። በአንድ ጊዜ ተጭኖ የተቀባ ወፍራም ስቱኮ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲቆይም ይላቀቃል። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ እጁ ክብ እየሠራ፣ ሳይጫን። ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ጨርሶ የማይታለል ነው። መሸት ሲል አምፖል ይዞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቆማል፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት መምታቱ ቀርቶ የግድግዳውን ፊት እየላሰ ያልፋል። በቀን ለስላሳ የመሰለው ሁሉ ያኔ ጥላ ይጥላል። ባለሙያው እያንዳንዷን ጥላ በእርሳስ ይከባታል፣ ጠዋት ተመልሶ ይሞላታል።

የቀለም ምርጫ በእውነት የሚጀመረው እዚህ ነው። ጠቆር ያለ ቀለምና የሚያንጸባርቅ ቀለም የግድግዳን ጉድፍ አጉልተው ያወጣሉ፤ ፈካ ያለና የማያንጸባርቅ ይሸፍናል። ካታሎግ ላይ አይቶ ጥልቅ ሰማያዊ መኝታ ቤት የተመኘ ሰው እንደዚያ ዓይነት ሰማያዊ የሚሸከም ግድግዳ እንዳለው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ካልሆነ ማታ መብራት ሲበራ የሚያየው የሚያረጋጋ ሰማያዊ ሳይሆን ሰማያዊ የተቀባ ጎርባጣ ነው። አዲስ ልስንም የራሱ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ሲሚንቶ አልካሊ ነው፤ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ሳይደርቅ ከተቀባ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ ነጭ ጨውም ያወጣል። በክረምት የተለሰነ ቤት ደግሞ ከዚያም በላይ መጠበቅ ይፈልጋል።

ከግድግዳው ቀጥሎ የሚጠናው ብርሃኑ ነው። በዚህ ረገድ ከውጭ መጽሔት የተቀዳ ምክር አዲስ አበባ ላይ ያሳስታል። የአውሮፓ ምክር ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስለማያገኝ ሞቅ ያለ ቀለም ይቀባ ይላል። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ስለዚህ ብርዱ በሚጠናበት በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ጎንበስ ብላ የምትገባው በደቡብ መስኮት ነው። የሰሜኑ መስኮት የፀሐይ ተራው ከክረምት ደመና ጋር ስለሚገጥም ብርሃኑ ዓመቱን ሙሉ ረጋ ያለ ነው፤ እንዲህ ባለ ክፍል ስስ ቀለም እንኳ ሳይረበሽ ይውላል። አስቸጋሪው የምዕራቡ ነው። ከሰዓት በኋላ በአግድም የሚገባው ብርሃን ራሱ ቢጫ ስለሆነ ክሬሙን ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ በዚህ ክፍል ግራጫ የነካው አረንጓዴ ይሻላል። የምሥራቁ ክፍል ጠዋት በሙቅ ብርሃን ይነቃል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይቀዘቅዛል፤ ማታ ብቻ ለሚገቡበት መኝታ ቤት ቀለሙ መመረጥ ያለበት በአምፖሉ ሥር እየታየ ነው። ብሎኮች ተቀራርበው በቆሙበት ሰፈር ደግሞ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ቀለም በመስኮት ይገባል። የጎረቤቱ ግድግዳ ቀይ ከሆነ የእርስዎ ነጭ ሳሎን ሮዝ ይነካዋል።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ቀቢ በካታሎጉ ቁራጭ የማይወስነው። ትንሽ ገዝቶ በሁለት ግድግዳዎች ላይ ሰፋ አድርጎ ሁለት ሁለት እጅ ይቀባል፣ በጠዋት፣ በቀትርና በመብራት እንዲታይ ይተወዋል። የፕላስቲክ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ይጠቁራል። በተጨማሪ አራት ግድግዳ አንዱ የሌላውን ቀለም መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በወረቀት ላይ ለስለስ ያለው ክፍል ውስጥ ይበረታል። በካታሎግ ከወደዱት አንድ ደረጃ ፈካ ያለውን መውሰድ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ቀለሙ ሲገዛም ጋሎኖቹ በየተራ አይከፈቱም፤ ሁሉም በአንድ ትልቅ ባልዲ ይደባለቃሉ። በተለያየ ቀን የተመረቱ ጋሎኖች በትንሹ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ በግድግዳው መሀል ላይ ከታየ ደግሞ ሙሉውን ከመድገም በቀር መድኃኒት የለውም።

ቀለም የምር ትርጉም ያገኘበትን ቤት ለማየት ወደ ሐረር መሄድ ይጠቅማል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት ደረጃ በደረጃ የተሠሩት መቀመጫዎች፣ ነደባዎቹ፣ ቀይ ይቀባሉ። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማስታወስ እንደሆነ ይነገራል። ያ ቀይ የመጣው ከካታሎግ አይደለም። የሚኖረውም በየጊዜው እየታደሰ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በሚወስን ሥርዓት ላይ ተለብጦ ነው። ትርጉሙን ያጸናው ቀይ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በእጁ ደጋግሞ የሚያድሰው መሆኑ ነው።

አዲስ አበባም እንዲህ ያለ ቀለም አላት፤ ስለለመድነው አናየውም እንጂ። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በድሮ ቡና ቤትና በብዙ ሳሎን የግድግዳው የታችኛው ክፍል በዘይት ቀለም ጠቆር ብሎ ይቀባል፣ ከላይ ያለው ፈካ ይላል። የወንበር ጀርባ፣ የልጅ እጅ፣ የወለል ውሃ የሚደርሰው እስከዚያ ነው፤ ዘይት ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ውበቱ ያለው በመሀሉ መስመር ነው። ስፓጎ ተወጥሮ ይመታል፣ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይነሳል። በጥንቃቄ ከተነሳ መስመሩ ጥርስ ሳያወጣ ክፍሉን ይዞራል። ይህን መስመር የሚወዱ ግን የቀለሙን ዓይነት ይጠይቁ። የቆዩ የዘይት ቀለሞች፣ በተለይ ቢጫና ቀዩ፣ እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባን ግድግዳ በደረቁ እየፈገፈጉ ልጅ ባለበት ቤት አቧራ ማስነሳት አይገባም።

የኛ ሳሎን የሚፈልገውን ቀለም የሚወስኑት በውስጡ የሚደረጉት ነገሮች ናቸው። ቡና በሚፈላበት ጥግ ከሰልና ዕጣን በየቀኑ ወደ ኮርኒሱ ይወጣሉ፤ ኮርኒሱ ንጹሕ ነጭ ከሆነ ጭሱ ቶሎ ይጻፍበታል፣ ሞቅ ያለ ነጭ ከሆነ ግን ዕድሜ ያገኛል። ሥዕለ አድኅኖ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሰማያዊና ቀይ ልብስ፣ የአክሊሉ ቢጫ አስቀድመው አሉ። ብልህ ቀቢ ከነሱ ጋር አይፎካከርም፤ ከኋላቸው ዝም የሚል ቀለም ያኖራል።

ያለቀን ሥራ መመዘን የሚፈልግ ሰው የግድግዳውን መሀል አይመልከት፤ መሀሉን በሩሎ ማንም ያሳምረዋል። በሩን ገፋ አድርጎ ከጀርባው ይይ። የላሜራው መስኮት ከግድግዳው የሚገናኝበትን ጠርዝ፣ የማብሪያ ማጥፊያውን ዙሪያ፣ ዞኮሎውን፣ ግድግዳና ኮርኒስ የሚጋጠሙበትን ጥግ ይከተል። ላሜራው ከዘይት ቀለሙ በፊት አንቲረስት ካልጠጣ ዝገቱ በሁለተኛው ክረምት ራሱ ይናገራል።

ሥራው በካሬ ሜትር ስለሚከፈል፣ ዋጋ ሲከራከሩ መጀመሪያ የሚቀነሱት የማይታዩት ደረጃዎች ናቸው፦ አንድ እጅ ስቱኮ፣ አንድ ዙር መፈግፈግ፣ አንድ የአምፖል ምሽት። ገንዘብ ካጠረ መቀነስ ያለበት ግን ሌላ ነው። ውዱ ቀለም ይቅርና ርካሹ ነጭ ይገዛ፤ በደንብ በተዘጋጀ ግድግዳ ላይ ያረፈ ተራ ነጭ፣ ባልተዘጋጀ ግድግዳ ላይ ከፈሰሰ ውድ ሰማያዊ ይልቅ ክፍሉን ክፍል ያደርገዋል። ቀለሙ በሌላ ዓመት ሊቀየር ይችላል፤ ግድግዳው ግን እንደተሠራ ይቆያል።